ለአሮጌ መርሴዲስ የትኛው ዘይት? ከ20/50 እስከ 5/30 ሲወዳደሩ

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት 300ኢ ገዛሁ። ያቺ አራት ማዕዘን የምትመስለው፣ ሰው ሁሉ «124» የሚላት ማርቸዲስ ናት። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ መጀመሪያ ያሳየኝ የዘይት ግፊት መለኪያዋን ነበር። «እያት፣ ንቅንቅ አትልም» አለኝ። እውነትም መርፌዋ 3 ላይ ተለጥፋለች። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞም ከ2 በታች አልወረደችም። በልቤ «ይሄ ሞተር ብረት ነው» አልኩና ገዛሁ።

የመጀመሪያውን ዘይት ሳስቀይር ከሥር የወጣው ነገር ዘይት አይመስልም። እንደ ማር እየተጎተተ ይወርዳል። 20/50 ላይ ማወፈሪያ ተጨምሮበት ኖሯል። 10/40 አስሞልቼ ወጣሁ። ሞተሩ ሲሞቅ መርፌዋ ወርዳ 1 ላይ ቁጭ አለች። ደነገጥኩ። የወሰድኩበት ጋራዥ መካኒክ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጎ አዳመጠና «ወንድሜ፣ ብሮንዚናው አልቋል፤ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ብሮንዚና የሚባለው የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት የብረት ትራስ ነው።

ያን ዕለት ማታ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከመሳቢያው አውጥቼ አነበብኩ። የሚለው አጭር ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም ግፊቱ እስከ 0.3 ባር ሊወርድ ይችላል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ወዲያው መነሳት አለበት። የእኔዋ 1 ነበረች። ነዳጅ ስነካ ደግሞ ሽቅብ ትበራለች። ጤነኛ ሞተር ልናወርድ ነበር ማለት ነው።

«ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት አድርግበት» የሚለው ምክር በየጋራዡ አለ። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልክ አይደለም። ነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የማወዳድረው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 ለተሠሩት የ124 ቤንዚን ሞተሮች ነው። ሌላ መኪና ያላችሁም መስፈርቶቹን ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ፤ መልሱ ግን ሊለያይ ይችላል።

## ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ጣሳው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። በመካከላቸው ያለችው «ደብሊው» የፈረንጆቹን በረዷማ ክረምት የምታመለክት ናት። እኛ ዘለን «አሥራ አምስት አርባ» እንላለን። እኔም እዚህ 15/40 እያልኩ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ምን ያህል ይከብደዋል የሚለውን ይነግራል። 20 የተባለው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ይፈተናል። 15 በ20፣ 10 በ25፣ 5 ደግሞ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች እንጂ እዚያ አትደርስም። ከተዘረዘሩት ውስጥ ጠዋት ሞተር የማያስነሳ ዘይት የለም።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ያለውን ውፍረት ይነግራል። ሴንቲስቶክ በሚባል መለኪያ 30 ማለት ከ9.3 እስከ 12.5 ነው። 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። ብሮንዚናውንና ኮሎውን (በውስጡ የሚሽከረከረውን ዘንግ) እንዳይነካኩ የሚለያቸው ይሄኛው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «5/40 ውሃ ነው፣ ለአሮጌ ሞተር አይሆንም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገር ግን 5/40 እና 15/40 ሲሞቁ አንድ ናቸው። ሁለቱም 40 ናቸዋ! የሚለያዩት ጠዋት ነው። በ40 ዲግሪ ሲለኩ 20/50 ወደ 160 ሴንቲስቶክ ይጠጋል። 15/40 ወደ 110፣ 5/40 ደግሞ ከ80 ብዙም አይርቅም። በ8 ዲግሪ ጠዋት ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

## ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት

መጀመሪያ መርፌዋን እዩ። በ124 ዳሽቦርድ ላይ በግራ በኩል ካሉት ትንንሽ መለኪያዎች አንዷ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ናት። መኪናዋን ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ። ከዚያ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ሳታወጡ፣ ፍሬን ይዛችሁ ቁሙና አንብቡ። ከ0.5 በላይ ከሆነ አትጨነቁ። ነዳጅ ስትነኩ ሽቅብ ካልወጣ ግን የዘይት ምርጫ ጥያቄ አይደለም፤ የሞተር ጥያቄ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የግፊቱን ምልክት የሚልከው ሴንሰር በእነዚህ መኪኖች ላይ በቀላሉ ይበላሻል። መርፌዋ ያለ ምክንያት የምትዘል ከሆነ በእጅ መለኪያ አስለኩ። ሌላው ተጠርጣሪ ማራገቢያው ነው። ሲሞቅ እንዲይዝ የተሠራው የማራገቢያው ፍሪሲዮን ከደከመ ሞተሩ በመንገድ መጨናነቅ ይግላል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሰው ግን ዘይቱን ይከሳል።

ቀጥሎ ምን ያህል ዘይት እንደምትበላ እወቁ። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና 1,000 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ስንት እንደጎደለ ለኩ። ጭሱንም ተመልከቱ። ለዚህ እኔ እንጦጦን እጠቀማለሁ። ከላይ ነዳጅ ሳልረግጥ እወርዳለሁ። ታች ስደርስ ረገጥ አድርጌ በመስታወቱ ኋላዬን አያለሁ። ያኔ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል ማለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ የተለመደ ችግር ነው፤ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድም ሊቀየሩ ይችላሉ። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው።

ሦስተኛው የምትነዱበት ቦታ ነው። ከቦሌ ሜክሲኮ የምትመላለስ መኪናና በየወሩ አፋር የምትወርድ መኪና አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑም ለስለስ ያለ ነው። አዋሽን አልፋችሁ ሰመራ ስትደርሱ በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል።

ዋጋና በቅርብ መገኘቱ የመጨረሻው ነው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ጽሑፉ ሳይነበብ ይቀየራል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። የ300ኢ ሞተር ወደ 6 ሊትር ይይዛል። የ4 ሊትሩን ጋሎን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

## 20/50፦ መድኃኒትም መሸፈኛም

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ርካሽ ነው፣ የትም አለ። ፋብሪካውም አልከለከለውም። የመርሴዲስ መጽሐፍ አንድ ቁጥር አይሰጥም፤ እንደ አካባቢው ሙቀት የሚመረጥ ሠንጠረዥ ነው ያለው። 20/50ም ለሞቃት አገር እዚያ ውስጥ አለ።

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። በሙቀት አይቀጥንም። ክፍተታቸው በሰፋ ብሮንዚናዎች ውስጥ ቶሎ አያመልጥም። ፋሻው የደከመ ሞተር ዘይት መብላቱን ትንሽ ይቀንስለታል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚኖር፣ ሞተሩ ብዙ የሠራ መኪና ያለው ሰው 20/50 ቢያደርግ አልነቅፈውም።

መጥፎ ጎኑ ጠዋት ይታያል። ኅዳር ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የእኔን መኪና በ20/50 ሳስነሳ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በግድ ነበር የሚያዞራት። ከተነሳች በኋላ ደግሞ ከላይ «ጥክ ጥክ ጥክ» የሚል ድምፅ ለአምስትና ስድስት ሰከንድ ይሰማል። ይሄ የቫልቭ ክፍተትን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉት ክፍሎች ገና ዘይት ስላልደረሳቸው ነው። በዚያች ሰዓት ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና በላዩ የሚንሸራተቱት ብረቶች ሊደርቁ ምንም አይቀራቸውም። የ300ኢ ሞተር ቶሎ የሚበላው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

የባሰው ግን ማታለሉ ነው። ወፍራም ዘይት መርፌዋን ከፍ ያደርጋል። ግፊት ከፍ አለ ማለት ግን ዘይት በብዛት ደረሰ ማለት አይደለም። ወፍራም ነገር በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ግፊት ይፈጥራል፤ የሚያልፈው ግን ትንሽ ነው። አሮጌ መኪና ስትገዙ መርፌዋ ሞቃም ንቅንቅ የማትል ከሆነ «ምን ዘይት ነው ያለባት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

## 15/40፦ የሚያስደንቅ ነገር የሌለው ትክክለኛ መልስ

ለአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ 124 እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ሲሞቅ በቂ ውፍረት አለው። ጠዋት ከ20/50 በግልጽ ይሻላል። ዋጋውም አይጎዳም። ናፍጣ ለሚነዱ፣ ማለትም ለ250ዲ እና ለ300ዲ ባለቤቶች ደግሞ ብዙም መጨነቅ የለም፤ 15/40 ገዝታችሁ ሂዱ።

ለከባድ መኪና የሚሸጠው 15/40 ለቤንዚን ሞተርም ይሆናል ወይ? ብዙ ጊዜ ይሆናል። ጣሳው ጀርባ ላይ «ኤፒአይ» (የአሜሪካ የዘይት ደረጃ) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት አንብቡ። በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ነው። ሁለቱም ካሉ፣ ለምሳሌ ሲአይ-4 እና ኤስኤል ከተባለ፣ ጥሩ ግዢ ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ቆሻሻ የማጠብ ኃይሉ ጠንካራ ነው። ብረት ከብረት ሲንሸራተት የሚከላከለው የዚንክና የፎስፈረስ ቅመምም በደህና መጠን አለበት።

## 10/40፦ በመካከል

ብዙ ጊዜ ከፊል ሲንተቲክ (በከፊል በኬሚካል ሂደት የተሠራ) ሆኖ ይመጣል። ከ15/40 ጠዋት ላይ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲሞቅ እኩል ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ካገኛችሁት ግዙ። ካላገኛችሁት 15/40 ቁጭት ውስጥ አይከታችሁም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

## 5/40፦ አቅም ካለ

ሙሉ ሲንተቲክ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ስለሱ ሁለት ወሬ አለ፤ አንዱ «ቀጭን ነው» የሚለው ነው፤ ከላይ አይተነዋል። ሌላው «ሲንተቲክ ጎማዎቹን ይበላል፣ ዘይት ያንጠባጥባል» የሚለው ነው። የዛሬ ሲንተቲክ ጎማ አይበላም። የሚሆነው ሌላ ነው። ለዓመታት የተጋገረ ጥቁር ቆሻሻ የደረቀውን ጎማ ደፍኖት ይቆያል። አዲሱ ዘይት ያንን ሲያጥበው ቀድሞም የነበረው ቀዳዳ ይከፈታል። ከሥር ጠብታ ታያላችሁ። ዘይቱ የቆየ ገመና አወጣ እንጂ አዲስ ጉዳት አላመጣም።

ጥቅሙን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አንድ ዓመት 5/40 ሞልቼ ነበር። ያ የጠዋት «ጥክ ጥክ» እጄን ከቁልፉ ሳላነሳ ይጠፋል። ሞተሩ ከግሎ ከቆመ በኋላም ዘይቱ ቶሎ አይቃጠልም።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄን ጥቅም ማን ይከፍልበታል የሚለው ነው። በብዙ ሱቅ ዋጋው ከተራው 15/40 እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ደረቅ፣ የማታንጠባጥብ፣ ዘይት የማትበላ መኪና ካላችሁ ያዋጣል፤ ቶሎ ቶሎ ስለማይቀየር የተወሰነው ወጪ ይመለሳል። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ለምትጠጣ መኪና ግን ሲንተቲክ ማጠጣት ብር ማቃጠል ነው። መጀመሪያ የቫልቭ ጎማዎቹን ቀይሩ።

በዚህ መደብ ስትገዙ «ኤምቢ 229.1»፣ «229.3» ወይም «229.5» የሚል የመርሴዲስ ማረጋገጫ ጣሳው ላይ ካለ ጥሩ ነው። «ኤሲኢኤ ኤ3/ቢ4» የሚለው የአውሮፓ ምደባም ይጠቅማችኋል። ይሄ ምደባ ዘይቱ በ150 ዲግሪ በኃይል ሲታሽ እንኳ ሚሊፓስካል-ሰከንድ በሚባል ሌላ መለኪያ ከ3.5 በታች እንዳይቀጥን ያስገድዳል። አሮጌ የጀርመን ሞተር የሚፈልገው ይህንን ነው።

## 5/30፦ ለዚህ ሞተር አይደለም

ቪትስ ወይም ያሪስ ያለው ጓደኛ «እኔ 5/30 ነው የማደርገው፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ይላል። ለእሱ መኪና ልክ ነው። ለ124 ግን ሞቃት ቀን ላይ ይቀጥናል። በተጨማሪም ኤፒአይ «ኤስኤም» ከተባለው ደረጃ ወዲህ በ30 መደብ ዘይቶች ላይ የፎስፈረሱን መጠን ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ምክንያቱ የጭስ ማጣሪያው እንዳይበላሽ ነው። ለሚንሸራተት ካምሻፍት ግን ያ ቅመም ያስፈልገዋል። በ40 መደብ ይሄ ገደብ የለም።

5/30 መጥፎ ዘይት ነው እያልኩ አይደለም። የመጀመሪያው ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ሞተር በ5/30 እንዲሠራ ነው የተነደፈው፤ እሱም አሮጌ የቅንጦት መኪና ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቢኤምደብሊው ለኢ46 ኤም3 ሞተሩ 10/60 ነው ያዘዘው። ዕድሜ ብቻውን ውፍረት አይወስንም፤ የሞተሩ ንድፍ ነው የሚወስነው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| ዘይት | ሲሞቅ | ቀዝቃዛ ጠዋት | ዋጋ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| 20/50 | በጣም ወፍራም | ዘገምተኛ፣ «ጥክ ጥክ» አለው | ዝቅተኛ | ቆላ፣ ፋሻው የደከመ ሞተር |
| 15/40 | ትክክል | ደህና | ዝቅተኛ | አብዛኛው 124፣ ናፍጣዎቹም |
| 10/40 | ትክክል | ጥሩ | መካከለኛ | ደህና ሞተር፣ የከተማ መንዳት |
| 5/40 ኤ3/ቢ4 | ትክክል | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ | ንጹሕ፣ የማያንጠባጥብ ሞተር |
| 5/30 | ለዚህ ሞተር ቀጭን | በጣም ጥሩ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ለሱ የተሠሩ ሞተሮች |

## የእናንተ መኪና የቷ ናት?

አዲስ አበባ ውስጥ የምትነዳ፣ በጀት ጠበብ ያለባት። 15/40፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከፊልትሮ ጋር። ፊልትሮውን «በሚቀጥለው» ብላችሁ አትለፉት።

ተጠግና ያለቀች፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትወጣ። 5/40። ቆማ ስለምትሰነብት ስትነሳ ዘይቱ ቶሎ ወደ ላይ መድረሱ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዓመት አንዴ ቀይሩ።

በየሳምንቱ ቆላ የምትወርድ። በአዳማ ፈጣን መንገድ በ120 ሄዳችሁ ከዚያም ወደ አዋሽ ብትቀጥሉ፣ ጤነኛ ሞተር በ15/40 ይበቃዋል። እዚያው ሞቃቱ አገር ቆማችሁ በሚኒሞ መርፌዋን እዩ። ከ0.5 በታች ከወረደች ያኔ 20/50 አስቡ።

ዘይት የምትጠጣ፣ ለመጠገን ጊዜው ያልደረሰ። 20/50 አድርጉና ጊዜ ግዙ። ማወፈሪያ ኬሚካል ግን አትጨምሩ።

ገና የገዛችኋት፣ ታሪኳን የማታውቋት። ለዚህኛው ትንሽ ልቆይበት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ከውስጥ በባትሪ እዩ። ንጹሕ ቡናማ ብረት ከታየ ጥሩ ነው። ጥቁር ቅባት ከተጋገረበት በአንድ ጊዜ ወደ 5/40 አትዝለሉ። የሚታጠበው ቆሻሻ ወርዶ ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። 15/40 ሞልታችሁ በ2,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ። ድገሙት። ሁለተኛው ሲወጣ ከመጀመሪያው ነጣ ብሎ ከታየ እየሠራ ነው። የእኔዋ ሦስት ዙር ፈጅታለች።

## ሱቁ ውስጥ

ትክክለኛውን ቁጥር መርጣችሁ የውሸት ዘይት ከገዛችሁ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ከበርሜል በጆግ የሚቀዳ አትግዙ። የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን እዩ። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ የተዛባ ከሆነ መልሱት። ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ፤ ባዶ ጣሳዎቹን ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ ወይም ቀዳድዳችሁ ጣሉ። ሙሉ ጣሳ የሚሠራው ከባዶው ነው።

«ኤስኤፍ» የሚል ዘይትም ብታገኙ እለፉት። ያ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች አይመጥንም፤ ቅመሙም አሮጌ ነው። ኤስኤል ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ይሁን።

የእኔዋ አሁን 15/40 ነው ያላት። ሲንተቲኩን የተውኩት የቫልቭ ጎማዎቹን እስካስቀይር ነው፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ትበላለች። ኮፈኑ ሥር ዘይቱ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ሲሞቅ መርፌዋ በሚኒሞ 1 ላይ ነበረች። ያን ጊዜ «ሞተር ይውረድ» የተባለበት ያው 1 ነው።